በማግስቱ የተደረገ የደም ምርመራ ስለ መዥገር ንክሻ ምንም አይናገርም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። መዥገር የነከሰው ሰው ላይም የተባለው፣ መዥገር የምታስተላልፈው የባክቴሪያ በሽታ እንዳይዘው ምን ማድረግ እንዳለበት ይመክራል። ያላነበበው ሰው እንዲከተለኝ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው። መዥገሯን ቫዝሊን ቀብታችሁ ወይም በክብሪት አሙቃችሁ ራሷ እንድትለቅ አድርጉ፤ በማግስቱ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ፤ ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ተገላገላችሁ፤ የዒላማ ቅርጽ ያለው ሽፍታ ካልወጣባችሁ ላይም አይደለም፤ መዥገሯን ለላቦራቶሪ ላኩ፤ ለማንኛውም ግን ለሦስት ሳምንት አንቲባዮቲክ ውሰዱ፤ ድካሙ ካልለቀቃችሁ ደግሞ ለወራት ቀጥሉበት ይላል።

ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። በጊዜ የታከመ ላይም በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይድናል ማለታቸው ትክክል ነው። ሣር ውስጥ የሚሄድ ሰው ረጅም ሱሪ ይልበስ፣ ሲመለስ ገላውን ይፈትሽ ያሉትም ትክክል ነው። የቀረው ምክር ግን አንዱ ሰውን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ያዘናጋል። ከሁለቱ የሚያዘናጋው ይብሳል፤ ምክንያቱም የተዘናጋ ሰው ሐኪም ቤት የሚመለሰው ፊቱ ሲጣመም ወይም ጉልበቱ ሲያብጥ ነው።

ከቫዝሊኑ ልጀምር።

የመዥገር መውጊያ ጎንና ጎኑ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። አንዴ ቆዳ ውስጥ ከገባ መዥገሯ ራሷ ብትፈልግ እንኳ ቶሎ አይወጣላትም። ቫዝሊን ወይም የጥፍር ቀለም ብትቀቧት አየር አጥሯት ወዲያው አትለቅም፤ መዥገር የምትተነፍሰው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ታፍና እስክትሞት ብዙ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ያን ሁሉ ሰዓት መውጊያዋ ቆዳችሁ ውስጥ ነው። ክብሪቱ ደግሞ ቆዳ ከማቃጠሉ ሌላ መዥገሯን ይረብሻታል፤ የተረበሸች መዥገር በውስጧ ያለውን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ልትመልሰው ትችላለች።

ትክክለኛው መንገድ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ያዙ። መዥገሯን ሆዷን ሳትጨምቁ፣ በአፏ በኩል፣ ቆዳው ጥግ ድረስ ተጠግታችሁ ቆንጥጧት። ከዚያ ሳትጠመዝዙና ሳትነጥቁ፣ በማያቋርጥ ኃይል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ቆዳው አብሮ ትንሽ ብድግ ይላል፤ አትደንግጡ፣ መሳቡንም አታቋርጡ፤ ትለቃለች። ቦታውንና እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ወይም በአልኮል እጠቡ። ወረንጦ አጠገባችሁ ከሌለ በጣታችሁ አውጧት፤ ወረንጦ ፍለጋ ግማሽ ቀን ከሚያልፍ ይሻላል። የአፏ ስባሪ ቆዳ ውስጥ ቢቀርና በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ በመርፌ አትቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ይተፋዋል፣ ስባሪው ብቻውንም ላይም አያስተላልፍም።

ጸሐፊው ስለ ሰዓት አንድም ቃል አለማንሳታቸው ያሳዝነኛል፤ የመከላከሉ ምሥጢር ያለው እዚያ ነውና። ላይምን የሚያመጣው ቦሬሊያ የተባለው ባክቴሪያ የሚኖረው በመዥገሯ አንጀት ውስጥ ነው። ደም መምጠጥ ስትጀምር ሙቁ ደም ባክቴሪያውን ይቀሰቅሰዋል፤ ይራባል፣ የላይ ሽፋኑን ይቀይራል፣ ከአንጀቷ ተነሥቶ ወደ ምራቅ ዕጢዋ ይጓዛል፤ ሰው ውስጥ የሚገባው ከዚያ ከምራቋ ጋር ነው። ይህ ጉዞ ጊዜ ይፈልጋል። በሰሜን አሜሪካዋ ባለ ጥቁር እግር መዥገር ላይ እንደታየው ባክቴሪያው ወደ ሰው ለማለፍ ባብዛኛው ከ24 ሰዓት በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከ36 እስከ 48 ሰዓት ተጣብቃ መቆየት አለባት። በአውሮፓ ያሉት አንዳንድ የቦሬሊያ ዝርያዎች ከዚህ ሊፈጥኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ገና 24 ሰዓት አልሞላትም» ብሎ ማቆየት አይገባም፤ እንዳያችኋት አውጧት። ማታ ገላውን ፈትሾ መዥገሯን በወረንጦ የነቀለ ሰው ከየትኛውም ክኒን የሚበልጥ መከላከያ አድርጓል። ቫዝሊን ቀብቶ የተቀመጠ ሰው ግን የነበረውን ሰዓት በገዛ እጁ ለመዥገሯ ሰጣት።

ችግሩ መዥገሯን ማየቱ ነው። በሽታውን በብዛት የምታስተላልፈው ገና ያላደገችው፣ ከ2 ሚሊሜትር የማትበልጠው ስትሆን፣ ቆዳ ላይ ተቀምጣ የእርሳስ ጫፍ የነካው ነጥብ ትመስላለች። ስትነክስ አይሰማም። የምትወደውም ሰው የማያየውን ቦታ ነው፦ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ እምብርት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የፀጉር ሥር። በላይም ከተያዙ ሰዎች ብዙዎቹ መዥገር ነክሶኛል ብለው የማያስታውሱት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ፤ በማግስቱ ደም ተመርመሩ፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ተገላገላችሁ ወደሚለው።

የተለመደው የላይም የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመመከት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ በአንድ ሌሊት አይመረትም፤ መሣሪያው ሊለካው የሚችል መጠን ላይ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። ታዲያ በማግስቱ የተመረመረ ሰው ውጤት ምን ሊለው ይችላል? ኔጋቲቭ ከሆነ ምንም አላለውም፤ ባክቴሪያው ቢገባም ባይገባም በዚያ ቀን ውጤቱ ያው ነበር። ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ የሚናገረው ስለ ትናንቷ መዥገር አይደለም፤ ወይ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ስለነበረ ሌላ ንክሻ ነው፣ ወይ የተሳሳተ ውጤት ነው። ሁለቱም መልስ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይደለም።

እስቲ ይህን ምክር የተከተለ አንድ ሰው አስቡ። እሑድ መዥገር ነቀለ፤ ሰኞ ደሙን ሰጠ፤ በሁለተኛው ቀን «ነጻ ነህ» ተባለ፤ ተደሰተ። በአሥረኛው ቀን ከጉልበቱ በስተጀርባ መዳፍ የሚያክል ቅላት ወጣ። አያሳክክም፣ አያምም። ትኩሳትና የሰውነት መቆረጣጠም ቢሰማውም «ጉንፋን ነው፤ ላይም እንደሆነ ተመርምሬ ነጻ ሆኛለሁ» ይላል። ቅላቱ በራሱ ይጠፋል፤ ባይታከምም ይጠፋልና። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሲነሣ ግማሽ ፊቱ አልታዘዝ ብሎ ውሃ ከአፉ ጥግ ይፈስሳል። በአሥር ቀን አንቲባዮቲክ ሊያበቃ ይችል የነበረው በሽታ ነርቭ ድረስ የሄደው ያ የሁለተኛው ቀን ወረቀት ስላዘናጋው ነው። ጽሑፉን ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ምርመራው ሽፍታው በወጣበት ቀን እንኳ ቢሆን አይታመንም። ሽፍታው በግልጽ ከሚታይባቸው ሰዎች መካከል በዚያ ሰሞን ደማቸው ፖዘቲቭ የሚሆነው ከግማሽ በታች ነው። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር ከነርቭና ከመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበራት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የላይም በሽታ ሊኖር በሚችልበት አካባቢ የነበረ ሰው ላይ ዓይነተኛው ሽፍታ ከታየ የደም ውጤት ሳይጠበቅ ሕክምና ይጀመር የሚለው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፦ ቶሎ የታከመ ሰው አንቲቦዲ በብዛት ሳያመርት ሊድን ስለሚችል ምርመራው እስከ መጨረሻው ኔጋቲቭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በተቃራኒው አንዴ የወጣ አንቲቦዲ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ድኜ እንደሆነ ልመርመር» ማለትም አይሠራም።

ታዲያ ምርመራው ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ በጣም ይጠቅማል። ንክሻው ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ፊት ሲጣመም፣ ልብ ምቱ ሲዛባ፣ ከወራት በኋላ ጉልበት ያለ ምክንያት ሲያብጥ ምርመራው አስተማማኝ መልስ ይሰጣል፤ የላይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ደሙ ኔጋቲቭ መሆኑ እጅግ ብርቅ ነው። የሚሠራውም በሁለት ደረጃ ነው፦ የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ብቻ ሁለተኛው ይደረጋል፤ ሁለቱም ካልተስማሙ ውጤቱ ፖዘቲቭ አይባልም። አይጂኤም የተባለው ቀዳሚ አንቲቦዲ ብቻውን ፖዘቲቭ ሆኖ ምልክቱ ከጀመረ ከ30 ቀን በላይ ካለፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሐሰት ውጤት ነው፤ በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ያለ በሽታቸው ለወራት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አሉ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የዒላማው ቅርጽ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው መሐሉ ቀይ፣ ዙሪያው ነጣ ያለ፣ ጠርዙ እንደገና ቀይ የሆነ ክብ ካልታየ ላይም አይደለም ይላሉ። ይህ ሥዕል በየፖስተሩ ስላለ ብዙ ሰው ያምነዋል። እውነታው ግን የላይም ሽፍታ በአብዛኛው ወጥ ነው፤ መሐሉ ሳይነጣ የሚሰፋ ቅላት ነው። የሚለየው በቅርጹ ሳይሆን በመስፋቱ ነው። ስዊድናዊው የቆዳ ሐኪም አርቪድ አፍዜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1909 ከመዥገር ንክሻ ተነሥቶ የሚሰፋውን ቅላት ሲያሳውቅ የሰጠው ስም «የሚሰደድ ቅላት» የሚል ትርጉም ያለው ነው። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በላይም ከተማ አካባቢ የሚኖሩ እናቶች የልጆቻቸው መገጣጠሚያ ማበጥ አሳስቧቸው አቤት ያሉት በ1975 ሲሆን፣ ተመራማሪው ዊሊ ቡርግዶርፈር ባክቴሪያውን ማግኘቱ የታተመው በ1982 ነው። ማለት ላቦራቶሪ ምንም ሳያውቅ ሐኪሞች ይህን በሽታ ለ70 ዓመታት ያህል በዓይናቸው ሲለዩት ኖረዋል። ዛሬም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዓይን የሚበልጥ ምርመራ የለንም።

እንግዲህ ዓይን ምን ይፈልግ? ሽፍታው የሚወጣው ከንክሻው ከ3 እስከ 30 ባሉት ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ገደማ ነው። በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል፤ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል፣ 20 እና 30 ሴንቲሜትር የሚደርስም አለ። ሲነኩት ሞቅ ሊል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አያምም፣ እምብዛምም አያሳክክም። መዥገሯ በተነቀለች በሰዓታት ውስጥ የሚታየው፣ ከሳንቲም የማይበልጠውና በሁለት ቀን የሚከስመው መቅላት ሌላ ነገር ነው፤ ለምራቋ የተሰጠ የቆዳ ምላሽ ነው፤ እሱን አይታችሁ አትሸበሩ። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ዙሩት፣ አጠገቡ ቀኑን ጻፉ፣ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡት። በማግስቱ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይበልጥ ከራቀ፣ ያ ፎቶ ለሐኪሙ ከማናቸውም የላቦራቶሪ ወረቀት ይበልጣል።

ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አለማንሳታቸው ትልቅ ጉድለት ነው። «ቀይ» የሚለው ቃል በነጣ ቆዳ ላይ የተጻፈ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ያው ሽፍታ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላ፣ ተመትቶ የበለዘ ቦታ የሚመስል ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ አንዳንዴም ከቆዳው የሚለይበት ጠርዝ የሚታየው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ብቻ ነው። የሕክምና መጻሕፍት ፎቶዎች ለረጅም ጊዜ የነጣ ቆዳ ብቻ ስለነበሩ ሐኪምም ሊያልፈው ይችላል። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ታማሚዎች በሽታቸው የሚታወቀው ከተሰራጨ በኋላ የመሆኑ ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ቆዳችሁ ጠቆር ያለ ከሆነ በመስኮት ብርሃን እዩት፣ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ሙቀቱን ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አስተያዩት፤ ሐኪሙ «ብልዝ ነው» ቢላችሁ መዥገሯን የነቀላችሁበትን ቀን ንገሩትና መስፋቱን በፎቶ አሳዩት።

ደግሞም ሽፍታ የማይወጣበት ሰው አለ። ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ላይ ይወጣል ይባላል፤ የቀሩት ላይ አይወጣም ወይም በማይታይ ቦታ ወጥቶ ያልፋል። ስለዚህ በእነዚያ 30 ቀናት ያለ ጉንፋን ምልክት የሚመጣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የራስና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ፊት ከተጣመመ፣ አንገት ግትር ብሎ ራስ ከበረታ፣ ልብ ከተዛባ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይኬድ። ላይም የልብን የኤሌክትሪክ መስመር ሊያግድ ይችላል፤ ይህ የሚደርሰው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ቸል ሲባል ግን ይገድላል።

መዥገሯን ለላቦራቶሪ መላክን በተመለከተ ብዙ አልልም። ውስጧ ባክቴሪያ ተገኘ ማለት ወደ እናንተ አለፈ ማለት አይደለም፤ አልተገኘም ማለትም ሌላ ያላያችኋት መዥገር አልነከሰቻችሁም ማለት አይደለም። ውጤቱ እስኪመጣም ከታች የማነሣው የመከላከያ ክኒን ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። መዥገሯን በታሸገ ዕቃ ወይም በማጣበቂያ ፕላስተር አድርጋችሁ ማስቀመጥ ግን ጥሩ ነው፤ ሐኪሙ ዓይነቷን፣ ሆዷም ተነፍቶ እንደሆነ ያይባታል። ይህ ደግሞ ወደ አንቲባዮቲኩ ይወስደናል።

ጸሐፊው «ሳይቃጠል በቅጠል» በሚል መንፈስ የተነከሰ ሁሉ ለሦስት ሳምንት አንቲባዮቲክ ይውሰድ ብለዋል። ቅጠሉ ግን የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ የላይም በሽታ እጅግ በሚበዛበት የኒው ዮርክ አካባቢ መዥገር ነክሷቸው ነቅለው የመጡ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ዋጡ፤ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ዶክሲሳይክሊን ከወሰዱት 235 ሰዎች ሽፍታው የወጣበት 1 ሰው ነው፤ ካልወሰዱት 247 ደግሞ 8 ሰዎች። ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ ያለ ምንም መድኃኒት እንኳ፣ ያውም በሽታው እጅግ በሚበዛበት ቦታ፣ ከመቶ 97ቱ አልተያዙም። ሁለተኛ፣ መከላከል የሚያስፈልገው ሰው ቢሆንም አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን በቂ ነው፤ የሦስት ሳምንቱ መድኃኒት ከየት መጣ?

በዚያው ጥናት ውስጥ ከሁሉ የሚያጽናናኝ አንድ ቁጥር አለ። መድኃኒት ካልወሰዱት መካከል በትንሿ መዥገር ተነክሰው መዥገሯ ገና ደም ያልጠገበች፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ከነበረችው 59 ሰዎች አንድም አልታመመም። ደም መሙላት የጀመረች ትንሽ መዥገር ካገኟቸው 81 ሰዎች ግን 8ቱ ታመሙ። የሰዓቱን ነገር ያነሣሁት ለዚህም ነው፤ የመዥገሯ ሆድ ስንት ሰዓት እንደቆየች ይናገራል።

ስለዚህ ከላይ ያነሣሁት የ2020 መመሪያ የአንድ ጊዜውን ዶክሲሳይክሊን የሚፈቅደው ሦስቱ ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፦ መዥገሯ ላይምን የምታስተላልፈው ዓይነት ስትሆን፣ ቦታው በሽታው የሚበዛበት ሲሆን፣ 36 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተጣብቃ ከቆየች። ከተነቀለች ደግሞ 72 ሰዓት ያላለፋት መሆን አለባት። ለልጆች መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ይህን ሐኪም ይወስን። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ይህ የመከላከያ ክኒን እንደ ልማድ አይሰጥም፤ እንጠብቅ፣ ቆዳውን እንይ ይላሉ። ቤት ውስጥ ከሌላ ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለ ደግሞ በገዛ ፈቃድ መዋጥ ምንም ማስረጃ የለውም፤ እንዲያውም ሽፍታውን አደብዝዞ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።

ሽፍታው ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ማመንታት አያስፈልግም። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ቀን፣ ወይም አሞክሳሲሊን ወይም ሴፉሮክሲም ለ14 ቀን ይታዘዛል። ዶክሲሳይክሊን ሲዋጥ ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ወዲያው አለመተኛት፣ ከፀሐይ መጠንቀቅ ያሻል። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱና ሕመሙ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል፤ ባክቴሪያው ሲሞት የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱን በዚህ ምክንያት አታቋርጡ፤ መተንፈስ የሚያስቸግር ወይም ፊት የሚያብጥ ከሆነ ግን ያ የመድኃኒት አለርጂ ነውና ወዲያው እርዳታ ያስፈልጋል።

ጽሑፉ መዥገር ሁሉ ላይም የምታመጣ አስመስሎ አቅርቧል። ይህም ስህተት ነው፤ ስህተቱም በሁለት በኩል ይጎዳል። ላይም የሚገኘው በአብዛኛው በሰሜን ንፍቀ ክበብ ነው፦ በሰሜን ምሥራቅና በላይኛው መካከለኛ ምዕራብ አሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በሩሲያና በምሥራቅ እስያ ክፍሎች። የሚያስተላልፉትም ኢክሶዴስ የሚባሉት የመዥገር ወገኖች ናቸው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የከብት መዥገር የነከሰው ሰው ሊያስብ የሚገባው በቅድሚያ ሪኬትሲያ አፍሪኬ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣውን የመዥገር ትኩሳት ነው፤ ምልክቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የተነከሰው ቦታ ላይ የሚወጣ ጥቁር ቅርፊት ነው። በአሜሪካ አህጉር ያለው የሮኪ ተራሮች ነጠብጣብ ትኩሳት ደግሞ ከላይም በጣም የከፋ ነው፤ ሕክምናው ከአምስተኛው የሕመም ቀን በላይ ከዘገየ የመግደል አቅሙ ይጨምራል፤ ሽፍታው እስኪወጣ መጠበቅም አይገባም፤ በልጅም ሆነ በዐዋቂ ዶክሲሳይክሊን ወዲያው ይጀመራል። በአውሮፓና በእስያ ያለው የመዥገር የአንጎል ብግነት በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ክትባት ግን አለው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ላይም ይሆን?» ከማለታችሁ በፊት የት ቦታ እንደተነከሳችሁ፣ መቼ እንደሆነና ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ተናገሩ። ያ መረጃ ሐኪሙ የሚፈልገውን በሽታ ይቀይረዋል።

የመጨረሻው የጽሑፉ ነጥብ ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ነው። ከታከሙ በኋላ ድካሙ፣ የሰውነት ሕመሙ፣ ነገር መርሳቱ ለወራት የማይለቃቸው ሰዎች አሉ፤ ከታከሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ይህ ይገጥማቸዋል። ሕመማቸው እውነተኛ ነው፤ «ምናባችሁ ነው» የሚላቸው ሐኪም በድሏቸዋል። ለዚህ ግን መልሱ የወራት አንቲባዮቲክ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ ምክንያቱም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 30 ቀን በደም ሥር፣ ከዚያ 60 ቀን በአፍ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ታማሚዎች ምንም ካልወሰዱት የተሻለ አልሆኑም። በ2016 ደግሞ በኔዘርላንድስ 280 ታማሚዎች ላይ የሁለት ሳምንት የደም ሥር መድኃኒት ለሁሉም ከተሰጠ በኋላ ለሁለት ሦስተኛው ያህል 12 ሳምንት ተጨማሪ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ልዩነት አልታየም። ጉዳቱ ግን ታይቷል፤ በደም ሥር በሚገባው ቱቦ የሚመጣ የደም መመረዝና አደገኛ የሆነ የአንጀት ተቅማጥ። በዚሁ ምክንያት የሞቱ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍትና እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ የሚመልስለት፣ እንቅልፉንና ሕመሙን የሚያክም፣ ከዚህም በላይ ሌላ በሽታ እንደሌለበት ደጋግሞ የሚመረምር ሐኪም ነው። «ሥር የሰደደ ላይም» የሚል ስም ተለጥፎባቸው የታይሮይድ ችግራቸው፣ የደም ማነሳቸው ወይም የመገጣጠሚያ በሽታቸው ሳይታወቅ ዓመታት ያለፉባቸው ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹም ከዚያችው መዥገር ባቤሲያ የተባለ ሌላ ተሕዋስ ይዟቸው ሊሆን ይችላል፤ እሱን ዶክሲሳይክሊን አያድነውም፣ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ይህን ማጣራት ከሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ በፊት ይምጣ።

ጸሐፊው ጽሑፉን ማረም ቢፈልጉ ከየትኛው እንዲጀምሩ ልጠቁም። ቫዝሊኑን ያንሡልን፤ ከሱ በፊት ግን በማግስቱ ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ተገላገለ የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጥተው በምትኩ መዥገሯ የተነቀለችበትን ቀን ጽፋችሁ እስከ 30ኛው ቀን ቆዳችሁን እዩ፣ የሚሰፋ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ ብለው ይጻፉ። ጽሑፉን ለሌላ ሰው የላካችሁም ያንን መስመር ይዛችሁ መልሳችሁ ላኩለት፤ ምናልባት አሁን ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ቀኑ ላይ ሊሆን ይችላል።